ሰባ ሁለት ምስሎች

በትሪየስቴ ወደብ፣ ተራራው ባሕር ውስጥ እግሩን በሚነክርበት፣
ነፋሱን ቦራ ይሉታል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ገመድ ይወጠራል በየመንገዱ ግራና ቀኝ፣
ሰው እንዳይወስድበት።
ልጓም የማያውቅ ፈረስ ነው፤ ባርኔጣ ይነጥቃል፣ ጣራ ይገሸልጣል፤
የያዘ ይተርፋል፣ የለቀቀ ይሄዳል።

እኔ ቱሊዮ ነኝ፤ ከሲኒማው ጣሪያ ሥር፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ፊልም አጫዋች፣
ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ፍቅር እንደ ልቃቂት በእጄ ላይ የተፈታች።

ያ ፊልም እዚሁ ሰፈር የተነሣ ነው። አንድ ካፖርታም መርማሪ
አለ፤ የጠፋች ፍቅሩን የሚያስስ፣ የሆቴል መዝገብ በርባሪ።
በኪሱ አንድ ጓንት ብቻ፣ የግራ፣ ግራጫ፤
ቀኙን ያገኘ ለት ነው የፍለጋው መቋጫ።
እኔማ ወንጀለኛውን ከነሰበቡ በቃሌ አውቀዋለሁ፤
መሳሳማቸው ሲደርስ ዳቦዬን እገምጣለሁ።

ኔሪና ግን፣ ከወደቡ፣ ሰርዲን በጨው የምትደረድር፣
ሹራቧ ላይ የዓሣ ቅርፊት የሚያበራ እንደ ብር፣
በየማታው ትመጣለች። አራተኛው ረድፍ፣ ከዳር።
በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ተነሥታ ትወጣለች፣
ምሥጢሩ ገና ሳይጀመር።

አንድ ማታ ደረጃው ላይ ጠበቅኋት። «መጨረሻው ያምራል» አልኳት።
«መጨረሻውን ለሌላ ተውኩት» አለች። «የኔ ሰው ከመርማሪው ጀርባ ነው፣
ገመዱን ይዞ የቆመው፤
ባርኔጣውን ነፋስ ሲነጥቀው ዞር የሚለው።
ሊቪዮ ነው።
ጃንጥላ ላስጠግን ብሎ ከቤት ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።
ጃንጥላ! በዚህ አገር!»
ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ሳል ሆኖባት ቀረ።

ሦስት ሰከንድ ናት ትዕይንቷ፤ በኔ ስሌት ሰባ ሁለት ምስል።
ስንት መቶ ጊዜ ሾልኮ ኖሯል በጣቶቼ መሃል፣
መንገደኛ ብዬ ያሳለፍኩት የሰው ባል!

ፊልሙ ወደ ኡዲኔ ሊላክ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣
መቀስ አነሣሁ። ሌባ በሉኝ፤ የሰረቅሁት ነፋስ ነው።
(ኡዲኔ ላይ መርማሪው ዘሎ ማዕዘን ይታጠፋል አሉ፤
«ሦስቱ ሰከንድ የት ገቡ?» ያለ የለም ከተመልካቹ ሁሉ።)
ቁራጩን መብራት ላይ ዘርግቼ፣ በአጉሊ መነጽር፣
አንድ ባንድ ስቆጥር፣
ስልሳ አምስተኛው ላይ ክንዱ ተዘረጋ፤
ስልሳ ስድስተኛው ላይ አንዲት ትንሽ እጅ ከምስሉ ጫፍ ተጠጋ።
የሕፃን እጅ። የሱፍ ጓንት፣ እንዳይጠፋ ከእጅጌ ጋር የታሰረ በክር፤
እናት ናት እንዲያ የምታስር።

መርማሪው ሆዬ ጓንት ፍለጋ ያገር በር ያንኳኳል፣
ጓንቱ ከጀርባው፣ በነፋስ ይወዛወዛል።

ሰባቱን ቆርጬ ኪሴ ከተትኩ። ስልሳ አምስቱን በፖስታ አድርጌ ሰጠኋት።
ደግ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤
ደግነት መቀስ ይዞ ሲመጣ መፍራት እንደነበረብኝ ማን በነገረኝ።

በማግሥቱ፣ የዓሣ በርሜል ላይ ተቀምጣ፣ ወደ ፀሐይ አቅንታ፣
ጨው በላጠው ጣቷ አንድ ባንድ አየችው፣ ቀስ ብላ፣ ረግታ።
ከዚያ፣ ቀና ሳትል፣ «ትንሿ እጅስ የታለች?» አለች።

ምላሴ ደረቀ።

«ያየኋት በመጀመሪያው ማታ ነው፣ ቱሊዮ። አለቀስኩ፤ እሱ አለፈ።
ግን ልብ ብለህ እየው፤ እጆቻቸው ሳይነካኩ ነው ትዕይንቱ የሚያልቀው።
በዚያ ነፋስ! ያን የሚያህል ልጅ!
የምመላለሰው
ዛሬ ይይዛት ይሆናል ብዬ ነው።»

ከበስተኋላችን የጀልባ ሸራ ተላተመ።
ሰባቱን ምስሎች ከኪሴ አወጣሁ፣
እሷም እጇን ሰደደች፤
ቦራ እንዳይወስዳቸው
ሁለታችንም፣ ግራና ቀኝ፣ አጥብቀን ያዝናቸው።